የመምህር ሻንቆ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ

ሶዶ ውስጥ አንድ ሰው "ሞያሌ ልሄድ ነው" ካለ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይታወቃላ። አንዱ ዘመድ ልጠይቅ ነው ይላል፣ አንዱ ዕቃ ላመጣ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ለጉብኝት ነው" ይላል። የሰማው ሁሉ "ጌታ ይከተልህ" ብሎ ይጨብጠዋል። ከዚያ ወራት ያልፉና ከደቡብ አፍሪካ ስልክ ይደወላል፤ ወይም አይደወልም።

መምህር ሻንቆ ይህን አጥቶት አይደለም። ሃምሳ ሁለት ዓመት እዚሁ ወላይታ ኖሯል። ሁምቦ ተወልዶ፣ ቤሌ የመጀመሪያ ምድቡ ሆኖ፣ ሃላሌ ሰባት ዓመት አስተምሮ፣ ሶዶ ከገባ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ግን ሰው በሌላው ላይ አጥርቶ የሚያየውን ነገር በራሱ ላይ ሲመጣ አያየውም። እሱ የምሩን ለጉብኝት ነበር። እውነቱን ተናገረ፣ እውነቱ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚዋሸው ያው ውሸት ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ የተጀመረው አሥራ አንደኛ ክፍል ውስጥ ነው። ኡጋንዳ ላይ የተቀደደውን የግድግዳ ካርታ ሰቅሎ፣ በመጥረጊያ እንጨት ተራሮችን እያሳየ ነበር። ሚርያም የምትባል ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ኪሊማንጃሮን አይተውታል?"

"አላየሁትም።"

"ኬንያንስ?"

"ሞያሌንም አላየሁ።"

ክፍሉ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፣ ልጆች ናቸው። እሱም አብሮ ሳቀ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ቆጠረው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ምሥራቅ አፍሪካን አስተምሯል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀምሶት የማያውቀውን ምግብ ሲያሞግስ እንደኖረ ሰው አፈረ። ያን ቀን ምሳ ላይ ለሚስቱ ለዘመነች "ክረምት ላይ ሄጄ አየዋለሁ" አላት። ዘመነች በዞኑ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሰው ያለውንና ሰው የፈረመውን ለይታ የምታውቅ ሴት ስለሆነች ሳህኑን ብቻ አነሳች።

እሱ ግን ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ገዛ። መምህር ነውና ዕቅድ ያለ ደብተር አይሆንለትም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በዚያ ለክፍል ሰሌዳ በሠለጠነ ጽሑፉ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ፓስፖርት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። የፈቃድ ደብዳቤ ከትምህርት ቤት። መነሻ ሐምሌ 12። መመለሻ ነሐሴ 24። መመለሻውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተማሪ ምዝገባ አለ፣ ከዚያም አዲስ ዓመቱ ጊፋታ ይመጣል፣ በጊፋታ ደግሞ የወላይታ ሰው የትም ይሁን የት ቤቱ ይገባል።

ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ መንገዱ ነው። አውሮፕላን አልፈለገም። "አውሮፕላን ደመና ነው የሚያሳየው፣ እኔ አገር ነው የምፈልገው" ይል ነበር። አርባ ሦስት ቀን፣ አራት አገር፣ ሁሉም በሕዝብ ማመላለሻ። ከሶዶ ሀዋሳ፣ ከሀዋሳ ሞያሌ፣ ድንበሩን በእግር፣ ከዚያ ናይሮቢ። ከናይሮቢ ካምፓላ፣ ከካምፓላ ኪጋሊ፣ ከዚያ ታንዛኒያን አቋርጦ እስከ ዳሬሰላም። ከዳሬሰላም ወደ ሰሜን ተመልሶ ሞሺ፤ ሞሺ ላይ ሁለት ሌሊት። እዚያ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ኪሊማንጃሮ በጠዋት፣ ደመናው ሳይወርድ" ብሎ ጽፏል። የት ማደር እንዳለበት፣ የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ የትኛው ፍተሻ ረጅም እንደሆነ፣ የሞያሌን መስመር ከሚሠሩ ሾፌሮች እየጠየቀ፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ጻፈ። ሾፌሮቹ ይመልሱለታል፣ እሱ ዞር ሲል ደግሞ ይተያያሉ። ያረጋገጠው ነገር ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ያላረጋገጠው ላይ የጥያቄ ምልክት። ለፓስፖርቱ ሦስት ጊዜ ሀዋሳ ተመላልሷል። በሦስተኛው ጊዜ ይዞት ሲመለስ፣ መኪና ውስጥ እንደ ሕፃን አሥር ጊዜ እያወጣ አየው።

ጓደኛው ፍቅረማርያም ልብስ ሰፊ ነው። አባቱ ከጉራጌ መጥተው የከፈቱትን ስፌት ቤት እስከ ዛሬ ይዞ የሚሠራ፣ ከሻንቆ በስምንት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። ሻንቆ ጃኬቱን ይዞለት ሄደና የውስጥ ኪስ እንዲሰፋለት ጠየቀው።

"ምን ይዘህ ነው የምትሄደው?" አለ ፍቅረማርያም።

"ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ።"

"እሱን አላልኩህም። ምን ይዘህ ሄደህ፣ ምን ይዘህ ትመለሳለህ?"

"ምንም ጋሼ። ለማየት ነው።"

ፍቅረማርያም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "አባቴ ከአገሩ እዚህ በእግሩ ሲመጣ እንኳን የሚሸጥ ነገር ተሸክሞ ነው የመጣው። አራት አገር ባዶ እጁን የሚዞር ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።"

"እንግዲህ እኔን እየኝ።"

ፍቅረማርያም ሳቀ፣ ኪሱንም ሰፋለት። ከተማው ውስጥ ይመለሳል ብሎ ያመነው ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ያመነበትም ምክንያት የልብስ ሰፊ ምክንያት ነው። ሻንቆ ለጊፋታ የሚለብሰውን ኮት ጨርቅ እሱ ጋ አስለክቶ ትቷል። የማይመለስ ሰው ኮት አያሰፋም።

ቤተ ክርስቲያን ግን ሌላ ነገር ሆነ። እዚያ ሩቅ የሚሄድ ሰው ካለ እሑድ ፊት ለፊት ይጠራል፣ የሚሄድበትን ይናገራል፣ ሽማግሌዎች እጃቸውን ይጭኑበትና ይጸልያሉ። ሻንቆም በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ ተጠራ። ማይክራፎኑን ሲሰጡት፣ መምህር ነውና አላሳጠረውም። የአራቱን አገር ስም በቅደም ተከተል ተናገረ፣ ሐይቆቹን ተናገረ፣ "ነሐሴ ሃያ አራት፣ ጌታ ቢፈቅድ፣ ሶዶ እገባለሁ" ብሎ ጨረሰ። ጉባኤው ረጅምና የሞቀ አሜን አለ። ሞቅ ያለው ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ውጭ ላይ አንድ ሽማግሌ እጁን ይዘው አልለቅ አሉት። "በጥበብ ነው የተናገርከው። እንዲህ ነው እንጂ። የሚያልፈውም የሚያገድመውም ጆሮ አለው።"

"እውነቴን እኮ ነው አባቴ።"

"እኛስ መች ውሸት ነው አልን?" አሉና ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ።

ጥሩወርቅም መጣች። ጎረቤቱ ናት፣ የጸሎት ቡድን መሪ፣ ለታመመ ቀድማ የምትደርስ፣ ለሐዘንተኛ ውኃ የምትቀዳ ደግ ሴት። በእምነት የሚባለው ልጇና የሻንቆ ልጅ ማቲ አብረው ተምረው፣ አብረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወድቀው፣ አብረው ሥራ ፈትተዋል። "ወንድም ሻንቆ፣" አለችው ዝግ ባለ ድምፅ፣ "እዚያ እንደደረስክ የእኔንም ልጅ አትርሳው።"

"እዚያ የት?"

ጥሩወርቅ ፈገግ አለች። ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ስታይ ደስ ይላታል።

ሻንቆ ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ አየው። ለዘመነች ነገራትና ብቻውን ሳቀ። ካፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን ለተማሪዎቹ ስንት ጊዜ ተርቶላቸዋል፤ ለራሱ ሲሆን ግን ወሬው የትም የማይደርስ መሰለው። ደግሞም በዚያ ሰሞን ሌላ የሚያስደስተው ነገር አግኝቶ ነበር፣ ማቲን።

ማቲ ሃያ ዓመቱ ነው። ከፈተናው በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት በአባትና በልጅ መካከል የቀረው ንግግር "ብላ" እና "በልቻለሁ" ብቻ ነበር። ልጁ እስከ ምሳ ሰዓት ይተኛል፣ ከዚያ ስልኩን ይዞ ይወጣል፣ አንዳንድ ቀን የሰው ባጃጅ ይነዳል። ሻንቆ የሌላ ሰው ልጆች ሲያስተምር ኖሮ የራሱ ልጅ መውደቁ አንገቱን አስደፍቶታል፤ ስለዚህ ዓይኑን ከልጁ ያሸሻል፣ ልጁም ይህን ያውቃል። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻንቆ በረንዳ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ ሳለ ማቲ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

"የናይሮቢውን አውቶቡስ ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ላይልህ?" አለው።

ሻንቆ ደነገጠ ማለት ይቻላል። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠና ማስረዳት ጀመረ። ማቲ "ይሄን አውቀዋለሁ አባ" ብሎ ገጹን ራሱ ገለበጠው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። ዘመነች የቦዬ ሥር ቀቅላ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ታቀርብላቸዋለች፣ ሁለቱ ራሳቸውን ደብተሩ ላይ ደፍተው ይቆያሉ። ልጁ ይጠይቃል፣ አባት ይመልሳል። ሞያሌ ላይ ድንበሩ አጥር አለው ወይስ መንገድ ብቻ ነው? ከናይሮቢ ወደ ታንዛኒያ ስንት መግቢያ አለ? ታቬታ የሚባለው ከተማ ከሞሺ ምን ያህል ይርቃል? በመካከል ያለው እርሻ ነው ጫካ? ሻንቆ ደስታው አናቱ ላይ ወጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ አልገጠመውም። ሳይሰስት መለሰ። የመሬቱን አቀማመጥ ሣለለት፣ ወንዙን በሰማያዊ፣ መንገዱን በጥቁር። ማታ ለዘመነች "ልጁ ጂኦግራፊ ይወዳል እኮ፣ እኛ ነን ያላወቅንበት" አላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ አባት ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ማቲ እንዲህ አለው፣ "ግን አባ፣ ለምን ትመለሳለህ?"

ሻንቆ ሳቀ። "ቤቴ ነዋ። እናትህ አለች፣ አያትህ ሁምቦ አለች፣ አንተ አለህ።"

"እኔማ አለሁ" አለ ማቲ፣ ቦዬውን እየላጠ።

ሰኔ ሃያ ሰባት ቀን፣ ሰኞ፣ ማቲ ሁምቦ ሄዶ አያቱን በቆሎ ሊያግዝ እንደሆነ ነግሮ ወጣ። ማክሰኞ ከሰዓት ሻንቆ እናቱ ጋ ደወለ። በወላይትኛ "ማቲን ከትንሣኤ ወዲህ አላየሁትም" አሉት። በእምነትን ጠየቀ፤ በእምነት መሬት መሬት አየ። ሻንቆ ያንኑ ሰዓት ሚኒባስ ይዞ ሀዋሳ ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሀዋሳ መናኸሪያ ቆሞ ማቲ ጋ ሲደውል ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ ተነሣ።

"አባ፣ አትምጣ። ሞያሌን አልፌያለሁ።"

"ማቲ፣ ማን ጋ ነህ? ፓስፖርት የለህም እኮ።"

"ሰዎች አሉ። አትጨነቅ። ደብተርህን በስልክ ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ሻንቆ ያን ሌሊት ለራሱ ጉዞ ባቀደው አልጋ ቤት፣ ደብተሩ ላይ "የመጀመሪያ ሌሊት፣ ሀዋሳ" ብሎ በጻፈው፣ ጫማውን ሳያወልቅ አደረ። ጠዋት ወደ ሶዶ ተመለሰ። ዘመነች በሩ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችው። አልጮኸችም። "መንገዱን ጠርገህ ሰጠኸው" አለችውና ገባች። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የሚናገራት ሁሉ መልሱ ያቺው ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ባትናገራትም ፊቷ ላይ ተጽፋለች።

ሐምሌ አሥራ ሁለት መጣና አለፈ። አልሄደም። ልጁ ሊደውል ይችላል ብሎ ስልኩን ታቅፎ ቁጭ አለ። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ ሰው ቤቱን ያጣበበው፣ እንኳን ደስ አለህ ሊለው።

መጀመሪያ የመጡት ያ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። "ልጅህን አስቀደምክ፣" አሉት፣ "እኛ ደግሞ አንተ ራስህ ነህ ብለን ስንጸልይ ነበር። ጌታ ግን ያውቀዋል ለማን እንደጸለይን።" ሻንቆ አልላክሁትም አለ። ልጄ ሳያስፈቅደኝ ነው የሄደው አለ። የእኔ ሐሳብ ተራራ ላይ ነበር አለ፣ ተራራ ለማየት ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን በአክብሮት ነቀነቁ። እንዲህ አድርጎ ልቡን የሚቆልፍ ሰው አይተው አያውቁም። የሥራ ባልደረቦቹ መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሊማንጃሮን የጠየቀችው የሚርያም አባት መጡ። ድንበር ለሚሻገር ልጅ እንደሚደረገው ዳቦና ለስላሳ ይዘው ይመጣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ከዚያ ሊወጡ ሲሉ ዝቅ ባለ ድምፅ መንገዱን ይጠይቁታል። ድንበሩ ከሞሺ በፊት ነው በኋላ? በዝናብ ወቅት ይሻላል? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ምን ያደርጋል ሲባል የኖረ ሰው ቤት፣ ከተማው ደጅ ጠና።

ሻንቆ አንዱን ቀን አምርሮ ተናገረ። "ይህ ደብተር ፓስፖርት ላለው ሰው ነው! ለሚመለስ ሰው ነው!" አለ። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት አንዷ ሴት "ደክሞታል፣ ልጁ እስኪደርስ ነው" ብላ አዘነችለት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ሞኙ ደጃፉ ላይ ቆሞ እየጮኸ እንኳን ይቆረጣል ለካ።

የጠላው ግን እነሱን አይደለም። ሌሎቹ ሁሉ ሄደው ብቻውን ሲሆን የሚያብሰለስለው ያን የበረንዳ ቅዳሜ ነበር። ልጁ ስለ አጥሩ ሲጠይቀው እሱ የመለሰበትን ኩራት ነበር። ታቬታና ሞሺ መካከል ያለውን እርሻ በአረንጓዴ ሣለለት እኮ። ልጁ የፈለገው መደበቂያ ነበር፣ አባቱ ደግሞ ትምህርት መሰለው፤ ልጄ ወደደኝ ብሎም ተደሰተ። ይህን ለማንም አልነገረም።

ነሐሴ ሦስት ቀን፣ ከባድ ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበ ሳለ፣ በእኩለ ቀን የታንዛኒያ ቁጥር ደወለ።

"አባ።"

"ማቲ! ማቲ፣ የት ነህ?"

"ተይዘናል። አሥራ ሁለት ነን። በበቆሎ ማሳ ውስጥ ስናልፍ ያዙን። የሰው ስልክ ነው፣ ቶሎ ልንገርህ።" ድምፁ ከስቷል። "ሞሺ ነው ያለነው። ሞሺ አጠገብ ያለ እስር ቤት።"

ሻንቆ ምን ማለት ነበረበት? ታመሃል ወይ ማለት ነበረበት። በላህ ወይ፣ መቱህ ወይ፣ እመጣለሁ ማለት ነበረበት። ነገር ግን "ሞሺ" የሚለውን ስም ሲሰማ አፉ ከልቡ ቀደመ። ስድስት ወር ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ የጻፈው፣ አፉ ላይ የተቀመጠው፣ ሳያስበው ወጣ።

"ተራራው ይታያል?"

የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ምን አልክ?"

"ምንም፣ ምንም ልጄ..."

"መስኮት የለም አባ" አለ ማቲ፣ መስመሩም ተቋረጠ።

ዘመነች ከኋላው ቆማ ሰምታዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ዓረፍተ ነገር አልደገመችለትም። ዝም ብላ አየችው። እሱም ከዚያ ዝም ማለት ይልቅ ብትሰድበው በወደደ። በሕይወቱ ብዙ የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ይህን አንድ ጥያቄ ግን እስኪሞት ድረስ ያፍርበታል።

ሄዶ ልጁን ለማየት ወሰነ። ያስፈታው እንደሆነ አያውቅም፣ ቢያንስ ፊት ለፊት ይቆምለታል። ፓስፖርት አለው፣ ክትባቱን ተከትቧል፣ መንገዱን ከማንም በላይ ያውቃል። ፍቅረማርያም ሲሰማ ጃኬቱን ራሱ ቤቱ ድረስ መጥቶ ወሰደና የውስጥ ኪሱን ፈትቶ ሰፋ አደረገው፣ የማቲ የልደት ካርድና የትምህርት ማስረጃ እንዲገባበት። ሲመልስለት "ኮትህ አልቋል" አለው። "አሁን አልሰጥህም። ስትመጣ ትለካዋለህ።" ሻንቆ ጃኬቱን ለብሶ ኪሱን በእጁ ዳሰሰ።

ዘመነች ቆሎና በሶ አዘጋጀች። ዳጣውን በትንሽ ዕቃ አድርጋ ክዳኑን በፕላስቲክ አሰረች። ሻንጣው ውስጥ ስታስገባ "የእሱ ነው፣ አንተ እንዳትነካው" አለችው። "እሺ" አላት። ከልብ ነው ያለው።

ነሐሴ ስምንት፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረሰ። ዳሞታ ተራራ እስከ እግሩ ጉም ለብሷል። የሀዋሳው ቅጥቅጥ ግማሹ ሞልቶ ረዳቱ ይጮኻል። ሻንቆ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አደረገ። አርባ ሦስቱ ቀን ቀርቷል፤ ካምፓላ የለም፣ ኪጋሊ የለም፣ ሐይቅ የለም። ሀዋሳ፣ ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ሞሺ ብቻ።

"ወንድም ሻንቆ!"

ጥሩወርቅ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዛ፣ በጭቃው ሮጣ መጥታለች። በመስኮቱ ዳቦውን አቀበለችው፣ እዚያው ቆማ ዓይኗን ጨፍና ጸለየችለት፣ ለማቲ ስትጸልይ አለቀሰች። የእውነት ልቅሶ ነው። ሻንቆም ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንዲያው ከሁሉም ሰው እሷ ገባት ብሎ አሰበ።

ከዚያ ጥሩወርቅ እንባዋን ጠርጋ ስልኳን አወጣች።

"እንዳልረሳው፣" አለች፣ "ይህን አንድ ጊዜ እይልኝ።"

ስልኳ ላይ የራሱ ጽሑፍ ነበር። ሀዋሳ፣ ሞያሌ፣ የናይሮቢው አውቶቡስ። ጣቷን ስታንሸራትት ሌላ ገጽ፣ ሌላ ገጽ፣ አረንጓዴ የተቀባው እርሻ ሳይቀር። ማቲ ከመሄዱ በፊት ለበእምነት በቴሌግራም ልኮለት ኖሯል፣ በእምነትም ለጓደኞቹ፣ እነሱም ለእነሱ።

"በእምነት በሚቀጥለው ወር ነው" አለች። "እዚህ እዚህ የጥያቄ ምልክት ያደረግክባቸው አሉ። አንተ አሁን ማለፍህ ስለማይቀር፣ ሰዓቱን እያረጋገጥክ በስልክ ብትልክልን? ማቲ የተያዘበትን ብቻ ልጆቹ በሌላ ያዞሩታል። እስከዚያ ያለው ትክክል ነው አይደል?"

ሻንቆ ስልኩን ከእጇ ተቀበለ። ሊቆጣ አልቻለም፣ ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም። ወደ ኋላ አንሸራተተ፣ እንደገና አንሸራተተ፣ መጀመሪያው ላይ ደረሰ። ያለው ሁለተኛው ገጽ ነው።

"አንደኛው ገጽ የለም" አላት።

"ምን ነበረበት?"

"ፓስፖርት። የክትባት ካርድ።" ጉልበቱ ላይ ያለውን ደብተር ገለጠ። "የመመለሻ ቀን።"

ጥሩወርቅ ስልኳን ወሰደችና በመስኮቱ እጇን አስገብታ ትከሻውን አሻሸችው፣ የታመመ ሰው እንደምታሻሸው በቀስታ።

"እሱማ ለልጆቹ ምን ያደርግላቸዋል" አለች።

ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ መኪናውም ተነሣ።